ገለባው ባለቤት አለው

እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 2022 የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ በሐሪያና ግዛት፣ በፓኒፓት የሚገኝ አንድ ፋብሪካ መርቀው ከፈቱ። ኢንዲያን ኦይል የተባለው የመንግሥት ነዳጅ ኩባንያ ያቋቋመው ይህ ፋብሪካ በዓመት 200 ሺህ ቶን ያህል የሩዝ ገለባ ተቀብሎ 30 ሚሊዮን ሊትር ያህል ኢታኖል እንዲያወጣ የታቀደ ነው። ገለባ ገብቶ ነዳጅ ሲወጣ ያየ፣ ሩዝ የሚያበቅል አገር ሁሉ «እኛስ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

በደቡብ ጎንደር ጥያቄው ከማንም ይልቅ ይቀርባል። ከጣና በስተምሥራቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ዛሬ የኢትዮጵያ ሩዝ እምብርት ነው። ሩዙ የገባው በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲሞክሩት ነው፤ «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ ስሙን ከዚያው ይዞ ቀርቷል። ክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ለግጦሽ እንጂ ለእርሻ ብዙም የማይታሰብ የነበረ መሬት በአርባ ዓመት ውስጥ የሩዝ ማሳ ሆነ። ወረታ ላይም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቋመ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደርና የጎጃም ሲራራ ነጋዴዎች ይገናኙባት በነበረችው፣ ከአዲስ ዘመን ብዙም በማትርቀው በይፋግ ዙሪያ፣ አዝመራው ከገባ በኋላ በየግቢው የገለባ ክምር ይቆማል። ወደ ደጋው ሲወጣ ከፋርጣ እስከ ጋይንት የገብስ፣ የስንዴና የጤፍ ጭድ አለ። ወደ ቆላው ሲወረድ የማሽላና የበቆሎ አገዳ።

በኬሚስት ዓይን ይህ ሁሉ ክምር ያልተፈታ ስኳር ነው። የሩዝ ገለባ ደረቅ ክብደቱ ሲሶ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ሴሉሎስ ነው፤ ሩብ ገደማው ደግሞ ሄሚሴሉሎስ። ሁለቱም እርስ በርስ ከተያያዙ የስኳር ቅንጣቶች የተሠሩ ናቸው። ዙሪያቸውን ግን ሊግኒን የሚባል፣ ተክሉን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም፣ በቀላሉ የማይበሰብስ ነገር ጠፍንጎ ይዟቸዋል። አረቄ በሚወጣበት ቤት ይህ ችግር የለም። በእህሉ ውስጥ ያለውን ስታርች የብቅሉ ኢንዛይም ይፈታዋል፣ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል፣ ድፍድፉ ተጥዶ ይነጠራል። በዚያው ድፍድፍ ላይ ጭድ ቢጨመር ግን ወር ቢከርምም ጭድ ሆኖ ይወጣል። ኢንዛይሙ ሴሉሎሱ ጋ ይደርስ ዘንድ መጀመሪያ ሊግኒኑ መላላት አለበት። ኬሚካላዊ ቅድመ ዝግጅት የሚባለው ሥራ ይህ ነው።

መንገዱ ብዙ ነው። በስፋት የተጠናው ገለባውን ከመቶ አንድ እጅ ያህል ሰልፈሪክ አሲድ ባለበት ውሃ፣ ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት መቀቀል ነው። አሲዱ ሄሚሴሉሎሱን ያሟሟል፤ ሴሉሎሱ ይጋለጣል። ሌላው በአልካሊ፣ ማለትም በኮስቲክ ሶዳ፣ በኖራ ወይም በአሞኒያ ማቆየት ነው። አልካሊ ራሱን ሊግኒኑን ይነካል፣ ገለባውንም ያሳብጠዋል። አሲድ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱና ጊዜው ካለፈ የተፈታው ስኳር ራሱ ይበላሽና ፉርፉራል ወደሚባል፣ እርሾ ወደሚያዳክም ነገር ይለወጣል። በዚያ ላይ ከሄሚሴሉሎስ የሚወጣውን ዛይሎስ የተባለ ስኳር ለዳቦም ለጠላም የሚያገለግለው ተራ እርሾ አያብላላውም፤ ለእርሱ ዘረ መሉ የተለወጠ ወይም ሌላ ዓይነት እርሾ ያስፈልጋል።

ዕውቀቱ የትናንት አይደለም። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሄንሪ ብራኮኖ እ.ኤ.አ. በ1819 አሮጌ የተልባ ክር ጨርቅ በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ ስኳር አግኝቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመንም ሶቪየት ኅብረትም ከእንጨት በአሲድ ስኳርና አልኮል ያወጡ ነበር፤ ወጪው ከገበያ ጋር የማይመዛዘን ቢሆንም ጦርነቱና የመንግሥት ዕቅድ ይሸከሙት ነበር። ከሁሉም በላይ ለደቡብ ጎንደር የሚጠቅመው ታሪክ ግን የኤርንስት ቤክማን ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመንን የከብት መኖ ባሳጣት ጊዜ ይህ ኬሚስት ገለባን በቀዝቃዛ የኮስቲክ ሶዳ ውሃ ዘፍዝፎና አጥቦ ለከብት የሚስማማ የማድረግ ዘዴ አወጣ፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1921 ይፋ ሆነ። ቤክማን ያሰበው ስለ ነዳጅ አልነበረም። ያሰበው ስለ ላም ነበር። ሊግኒንን የማላላቱ ኬሚስትሪ ግን ለላሚቱ ጨጓራም ለኢታኖል ጋኑም አንድ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ከዚህ ይነሣል። ኬሚስትሪው ወደ ደቡብ ጎንደር መግባት አለበት፤ በመጀመሪያ የሚገባው ግን በከብቱ በረት በኩል እንጂ በፋብሪካ በር አይደለም።

ለምን ቢባል፣ በትላልቅ ካፒታል የተገነቡት የገለባ ኢታኖል ፋብሪካዎች የደረሰባቸውን ማየት ይበቃል። በጣሊያን ክሬሸንቲኖ እ.ኤ.አ. በ2013 የተከፈተው በ2017 ቆመ። የስፔኑ አቤንጎዋ በአሜሪካ ካንሳስ ሁጎተን ላይ በ2014 ያስመረቀው፣ ባለቤቱ በዕዳ ሲወድቅ አብሮ ወደቀ። ዱፖንት በአዮዋ ግዛት ኔቫዳ በምትባል ከተማ በ2015 የከፈተው ፋብሪካ በዓመት 30 ሚሊዮን ጋሎን ያወጣል ተብሎለት ነበር፤ ለዚህም በዙሪያው ካሉ 500 ያህል ገበሬዎች 375 ሺህ ቶን የበቆሎ ተረፈ ምርት ሊሰበስብ አቅዶ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ሥራው ቆመ፣ ፋብሪካውም ለጀርመን ኩባንያ ተሸጠ። ፖኤት እና ዲኤስኤም በዚያው ግዛት በኤመትስበርግ በጋራ ያቋቋሙት በ2019 መጨረሻ የንግድ ምርቱን አቋረጠ። ክላሪያንት በሩማኒያ ፖዳሪ የከፈተው ደግሞ ከ2021 እስከ 2023 ብቻ ዘለቀ።

የነዳጅ ዋጋ መውረድና የፖሊሲ መዋዠቅ የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። የማሽኑ ችግር ግን ደጋግሞ የታየው መግቢያው ላይ፣ ይኸው ቅድመ ዝግጅቱ ጋ ነው። የኤመትስበርጉን ፋብሪካ ከአገዳው ጋር ተጠቅልሎ የሚገባ አፈርና ጠጠር መሣሪያውን እየፋቀና እየደፈነ ለዓመታት ፈትኖታል። በማሽን ታጭዶ በማሽን የታሰረ አገዳ ይህን ያህል አፈር ከያዘ፣ በአውድማ ላይ በበሬ ኮቴ የተወቃ ጭድ ምን ሊይዝ ነው? የገበሬው ቁጥርስ? አምስት መቶ ሰፋፊ እርሻ ባላቸው አሜሪካውያን ላይ የታቀደው የአቅርቦት ሰንሰለት፣ እያንዳንዱ አባወራ አንድ ሄክታር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ በሚያርስበት አገር በአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩ ደጆች ገለባ በአህያ ጀርባ ሊሰበስብ ነው።

ውሃውና አሲዱም ሒሳብ አላቸው። አንድ ቶን ገለባ በ9 ቶን ውሃ ይቀቀል፣ ውሃውም ከመቶ አንድ እጅ አሲድ ይያዝ ቢባል ለዚያ ቶን 90 ኪሎ ሰልፈሪክ አሲድ ይሄዳል። በፓኒፓቱ ዕቅድ ስሌት ከአንድ ቶን ገለባ የሚጠበቀው ኢታኖል 150 ሊትር ነው። ዘመናዊ ፋብሪካ ውሃውን ይቀንሳል፣ ያገለገለውንም መልሶ ይጠቀማል፤ ቢሆንም አሲዱ በኖራ መክሸፍ አለበት፣ ከዚያ የሚወጣው የጂፕሰም ዝቃጭም ማረፊያ ይፈልጋል። በአገር ውስጥ ሰልፈሪክ አሲድ የሚመረተው አዋሽ መልካሳ ነው፤ ከፎገራ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከፎገራ ሜዳ የሚፈሰው ሁሉ ደግሞ መዳረሻው አንድ ነው፤ የርብና የጉማራ ወንዞች ጣና ይገባሉ። በእንቦጭ አረም ለተያዘ ሐይቅ ሊግኒን የጠገበ ጥቁር ውሃ መጨመር ማንም ሊቀበለው የማይገባ ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ቢፈታ እንኳ ዋናው ልዩነት አይጠፋም። በሐሪያናና በፑንጃብ ሩዝ የሚታጨደው በኮምባይነር ነው። ከሩዙ አጨዳ እስከ ስንዴው ዘር ያለው ጊዜ አጭር በመሆኑ ገበሬው ማሳው ላይ የቀረውን ገለባ በእሳት ይለቅበታል፤ በጥቅምትና በኅዳር የዴልሂ ሰማይ በጭስ ከሚታፈንባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ፓኒፓት ላይ ፋብሪካው የሚወስደው ገለባ አለዚያ የሚቃጠል ነው። ይፋግ ላይ የሚወስደው ከበሬ አፍ ነው።

በኢትዮጵያ ከግጦሽ ቀጥሎ ትልቁን የመኖ ድርሻ የያዘው የሰብል ተረፈ ምርት ነው። በፎገራ ጉዳዩ ከዚህም ይጠብቃል፤ ግጦሹን የወሰደው ራሱ ሩዙ ስለሆነ። በወተቱና በግዝፈቱ የታወቀው የፎገራ ከብት የለመደው ረግረጋማ ሜዳ ሲታረስ በካሣ መልክ የተሰጠው ነገር ቢኖር ይህ ገለባ ነው። ሁለተኛውን ደግሞ መውሰድ ዝርያውን ከምድሩ መንቀል ነው። የጤፍ ጭድም ያለሥራ የተቀመጠ አይደለም፤ የሚበላው ከብት አለ፣ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ የሚመረግበት ቤት አለ። አገዳው አጥርና ማገዶ ነው። አንድ ሄክታር ሩዝ 4 ቶን ገለባ ይሰጣል ብንል የፓኒፓትን ያህል ፋብሪካ ለመመገብ የ50 ሺህ ሄክታር ገለባ፣ ከብት እፍኝ ሳይቀምስ፣ ተጠርጎ መሄድ አለበት። በጥናት ወረቀቶች ላይ «ጥቅም ላይ ያልዋለ ተረፈ ምርት» የሚለው አነጋገር ሲደጋገም የሚያስቆጣው ለዚህ ነው። ያንን ሐረግ የሚጽፍ ሰው ግንቦት ላይ፣ ዝናብ ሳይጥል፣ ክምሩ ሲያልቅና በሬው ለእርሻ ሲፈለግ አንድ የደጋ አባወራ ገለባ ፍለጋ ስንት ደጅ እንደሚጠና ማየት ይገባዋል።

እንግዲህ ያው ኬሚስትሪ በበረቱ በኩል ሲገባ ምን ይመስላል? ገለባ ለከብት ሲሰጥ የሚያጋጥመው ችግር ለኢታኖል ከሚያጋጥመው አይለይም። በጨጓራ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ነፍሳት ሴሉሎስን ይፈታሉ፤ ሊግኒኑ ግን ያግዳቸዋል። ገለባው ቶሎ ስለማይፈጭ ሆድ ይሞላል፣ ከብቱ ጠግቦ ይከሳል። መፍትሔው በግብርና ኤክስቴንሽን ውስጥ ለዓመታት የታወቀው፣ ነገር ግን ከሠርቶ ማሳያ ብዙም ያልወጣው የዩሪያ ሕክምና ነው። ለ100 ኪሎ ደረቅ ገለባ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ ከ80 እስከ 100 ሊትር በሚሆን ውሃ ይሟሟል። ገለባው በጉድጓድ ውስጥ ወይም በላስቲክ ላይ በስሱ እየተነጠፈ ይረጫል፣ ይረገጣል፣ ሌላ ንብር ይደረብበታል፤ በመጨረሻ አየር እንዳያገኝ ይታፈናል። እንደ ፎገራ ሞቅ ባለ ቦታ 21 ቀን ገደማ ይበቃል፤ በጉና ተራራ ግርጌ ብርዱ ሥራውን ስለሚያዘገየው ከዚያ በላይ መቆየት አለበት። በእነዚህ ቀናት ዩሪያው ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያው በሊግኒንና በሄሚሴሉሎስ መካከል ያለውን ማያያዣ ይፈታል፣ ገለባውን ያሳብጣል። ትላልቆቹ ፋብሪካዎች በብረት ጋን ውስጥ በግፊት የሚያደርጉት ነገር፣ በዝግታ፣ ያለ እሳት ይፈጸማል።

ጥቅሙ እጥፍ ነው። ገለባው ይላላል፤ በዚያ ላይ ከዩሪያው የሚቀረው ናይትሮጅን የጨጓራ ነፍሳት ፕሮቲን የሚሠሩበት ጥሬ ዕቃ ይሆናል። ከመቶ 4 እጅ አካባቢ የነበረው የገለባው ጥሬ ፕሮቲን ወደ 7 ወይም 8 ሊደርስ ይችላል። ከብቱም ቀድሞ ይተወው ከነበረው አብዝቶ ይበላል። ሲከፈት የሚሰነፍጠው ሽታ እስኪወጣ አየር ማስመታት ግድ ነው፤ ያልሟሟ የዩሪያ ጓል የበላ ከብት ሊሞት ይችላል፤ ለማመንዠክ ላልደረሰ ጥጃ፣ ለፈረስና ለአህያም አይሰጥም። ይህ ጥንቃቄ በወረቀት ሳይሆን በእጅ የሚማሩት ነው።

የዩሪያ ዋጋ መናሩን የሚያነሣ ገበሬ እውነት አለው። ለማሳ የጠፋ ማዳበሪያ ለገለባ ከየት ይመጣል? አንድ የ50 ኪሎ ከረጢት ከ10 እስከ 12 ኩንታል ገለባ ያክማል፤ ለሁሉም ከብት ሳይሆን ለምትታለብ ላም፣ ለሚደልብ ሠንጋና ለእርሻ በሬ ብቻ ቢውል ግን ወጪው የሚመለስበት ዕድል አለ። ለዚህ ሥራ የሚሆን ዩሪያ በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ከማሳው ኮታ ተለይቶ፣ በትንንሽ መጠን እንዲሸጥ ማድረግ የክልሉ ግብርና ቢሮ በአንድ ውሳኔ ሊፈጽመው የሚችል ነገር ነው። ከዋጋው ይልቅ የሚረሳው ውሃው ነው። ለአንድ ኩንታል ገለባ አራት ወይም አምስት ጀሪካን ውሃ ይፈልጋል፤ ጀሪካኑን የምትሸከመው ደግሞ ማን እንደሆነች ይታወቃል። ሥራው ወንዙና ምንጩ ገና ባልነጠፈበት ጊዜ፣ አጨዳው እንዳበቃ፣ ከውሃው አጠገብ በጋራ እንዲካሄድ ካልታቀደ በቀር የከብቱን ጥጋብ የምትከፍለው እርሷ ትሆናለች።

ይህ ማለት ኢታኖል ይቅር ማለት አይደለም። ኢታኖል ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ አምርተውታል። እ.ኤ.አ. በ2007 የባዮፊውል ስትራቴጂ ወጣ፤ በ2008 አዲስ አበባ ላይ 5 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀመረ፣ በ2011 ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። በሶማሌ ክልል ቀብሪበያህ የስደተኞች መጠለያ ደግሞ ጋያ ማኅበር በኢታኖል የሚሠሩ ምድጃዎችን አዳርሶ፣ እንጨት ለቀማ ሩቅ ይሄዱ የነበሩ ሴቶችን እፎይ አሰኝቷል። በሞላሰስ ውስጥ ስኳሩ ተፈትቶ የተቀመጠ ነው፤ አሲድ አይጠይቅም፣ ልዩ እርሾም አይጠይቅም። ያም ሆኖ የቅልቅሉ አቅርቦት ሳይቆራረጥ አልቀጠለም። ቀላሉን ጥሬ ዕቃ ዓመቱን ሙሉ ማቅረብ ሳይደላደል ወደ አስቸጋሪው መዝለል ጥበብ የለውም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉም ሲታሰብ የኢታኖል የወደፊት ቦታው ከመኪና ይልቅ ምድጃ ነው። ኩበት ለማዳበሪያ መዋሉ ቀርቶ እሳት በሚሆንበት በደቡብ ጎንደር ደጋ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚሊዮን ሊትር ፋብሪካ ጉጉት ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም።

እንቦጩን ወደ ኢታኖል መለወጥ የሚለው ሐሳብም ደጋግሞ ይነሣል። አረሙ ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ የፎገራና የሊቦ ከምከም የባሕር ዳርቻ ገበሬዎች ምን ያህል እንደተንገላቱ ሲታይ ምኞቱ ይገባል። ሊግኒኑም ከገለባ ያነሰ ነው። ግን ከመቶ 90 እጅ በላይ ውሃ ነው፤ ከ100 ኪሎ እንቦጭ 10 ኪሎ ደረቅ ነገር አይገኝም። ውሃ በመኪና ጭኖ፣ አድርቆ፣ በአሲድ ቀቅሎ፣ አንጥሮ የሚገኘው ነዳጅ ለመጫኛው የወጣውን ናፍጣ መተካቱ ያጠራጥራል። እርጥብ እንዳለ ወደ ባዮጋዝ ጉድጓድ ቢገባ ይሻላል።

ለተመራማሪው የሚቀር ጥሬ ዕቃ ግን አለ፤ የሩዝ ቅርፊት። ከሚፈለፈለው ሩዝ ክብደት አንድ አምስተኛ ያህሉ ቅርፊት ሆኖ ይወጣል፤ ከብት አይበላውም፣ የሚሰበሰበውም ከየማሳው ሳይሆን ከጥቂት መፈልፈያዎች ነው። ከጭዱም ይልቅ ንጹሕ ነው። ችግሩ ሊግኒኑ ብዙ፣ አመዱም ብዙ መሆኑ ነው፤ አመዱ በአብዛኛው ሲሊካ ነው። አሲድ ለዚህ ብዙም አይረዳም። አልካሊ ግን ሊግኒኑንም ሲሊካውንም አብሮ ያሟሟል፤ የሚሟሟው ሲሊካ በኮስቲክ ሶዳ ሲሆን ሶዲየም ሲሊኬት ይሆናል፣ ይህም ለሳሙናና ለማጣበቂያ ሥራ የሚሸጥ ኬሚካል ነው። በኬሚካል ምሕንድስና ክፍሎች ከዓመት ዓመት የሚሠሩት የመመረቂያ ጥናቶች ጤፍ ጭድንና የበቆሎ አገዳን በጥቂት ግራም በብርጭቆ ቀቅለው ከሚቆሙ፣ የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ፣ የባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና የወረታው የሩዝ ማዕከል ተባብረው በአንድ መፈልፈያ ደጅ 100 ኪሎ ቅርፊት በሚይዝ ጋን ቢሞክሩት ገበያውም ኬሚስትሪውም በአንድ ላይ ይፈተናል። ያ ሙከራ መመለስ ያለበት ስንት ሊትር አልኮል እንደወጣ ብቻ አይደለም፤ ስንት ኪሎ ሶዳ እንደሄደ፣ ጥቁሩ ውሃ ስንት ጊዜ ተመልሶ እንዳገለገለ፣ በመጨረሻም ወደ ርብ ሳይደርስ የት እንደቀረ ጭምር ነው።